በሞርሳው ውስጥ የቀረው ቀይ ጨርቅ

የምስክር ቃል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ

የምስክሯ ስም፦ ግሌኒስ ፕራውት
ዕድሜ፦ 64 ዓመት
አድራሻ፦ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ኮርሊ ቤይ፣ የወደብ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 9
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች የእርሻ መሣሪያ መካኒክ፤ በአሁኑ ጊዜ የኮርሊ ቤይ ጀልባ ክበብ መኪና ጠጋኝ (ያለ ደመወዝ)
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ኪልፓራ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን ተቀብላ የጻፈችው፦ ኮንስታብል ፔታ ናንኪቬል
ጉዳዩ፦ ኤፕሪል 13 ቀን 2019 በኮርሊ ቤይ የጀልባ ማውጫ ላይ በአቶ አልፍ ራንድል የደረሰ የአካል ጉዳት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ግሌኒስ ፕራውት ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በራሴ መኪና ነድቼ መጥቼ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለዚህችው ኮንስታብል ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃል ውስጥ ውሸት አለበት። ውሸቱ ረጅም አይደለም፤ "አዎ" የሚል አንድ ቃል ነው። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ብሮንዊን ቴሽ የምትባለው የመንደራችን ሴት ባላጠፋችው ጥፋት መንጃ ፈቃዷን ልታጣ ነው። ብሮንዊን የኮርሊ ቤይን ልጆች ኪልፓራ ትምህርት ቤት የምታመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ልጆቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው በመንደሩ የለም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው እንድናገር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የጀልባ ክበባችን በ1984 የተሠራ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለው። መንገድ ላይ አይወጣም፤ ታርጋም የለውም። ሥራው ጀልባዎችን በተሳቢ ከባሕር መጎተት ብቻ ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ ጨው ውኃ ውስጥ ስለሚገቡ ከሥሩ ያልዛገ ነገር የለውም። የእጅ ፍሬኑ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ሲቆም ማርሽ ውስጥ ይገባና ጎማው ሥር እንጨት ይደረግለታል። ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ አያውቅም። ነፋስ ሲለወጥ ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ጀልባው ድንጋይ ላይ ይሰበርበታልና ማንኛውም የክበቡ አባል ማንንም ሳይጠይቅ አስነስቶ ይነዳል።

የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረ መኪናው ጥገና ላይ ነው ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ጨርቁን የሚያስረውም የሚፈታውም ጠጋኙ ነው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ጠጋኟ እኔ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ሥራዬን ጨርሼ ጨርቁን መፍታት ረስቼ አደላይድ ልጄ ዘንድ ሄድኩ። ሰዎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ጀልባቸውን በትከሻቸው ሲገፉ ሰነበቱ እንጂ የመኪናውን በር የከፈተ አልነበረም። ስመለስ አልፍ ራንድል ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ "ግሌን፣ ለሚቀጥለው ጉዞሽ ስንቁን እኔ አዘጋጅልሻለሁ፣ ጨርቁን ብቻ ፍቺልን" አለኝ። ኮንስታብሏ ይህ የአራት ዓመት ወሬ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብላኝ ነበር። ይገናኛል፤ ያ ጨርቅ በኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከበር ያልገባው ሰው የብሮንዊንን ነገር ሊፈርድ አይችልም ብዬ እንዲጻፍ አድርጌአለሁ።

ዓርብ ኤፕሪል 12 ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪናው ፍሬን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። ሥሩ ገብቼ ሳይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ በዝገት ተልጦ በሦስት ቦታ ዘይት ያነባል። በፊተኛው አክስል ላይ የሚያልፈው አጭሩ ቱቦም ከሱ አይሻልም ነበር። የፋሲካ በዓል እየመጣ ነው፤ ለበዓሉ ከየቦታው ሰው ጀልባውን እየጎተተ ይመጣል። ሁለቱንም ቱቦዎች በአንድ ቀን ለመቀየር ወሰንኩ።

በቱቦው ዓይነት ከአልፍ ራንድል ጋር ተጨቃጨቅን። አልፍ የሰባ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ የክበቡ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። መዳብ የተቀላቀለበት ለስላሳ ቱቦ እንድገዛ ፈለገ፤ እኔ ፋብሪካው ያደረገለት ብረት ነው፣ ብረት ይሆናል አልኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ መዳቡን በጣትሽ አጥፈሽ ለምሳ ትደርሻለሽ። ያ ብረት እኮ እንዳንቺ ነው፣ ሲያጣጥፉት አይወድም" አለኝ። እኔም "አንተ ዓሣህን አጥምድ፣ ስለ ብረት ለሚያውቅ ተወው" ብዬ መለስኩለት። አሁን ሳስበው ትክክል የነበረው እሱ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ምላጩን የዋጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ግን ለሌላ ሰው ተረፈ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከክበቡ ቤት ፊት ለፊት ባለው የሲሚንቶ ወለል ላይ ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ቀዩን ጨርቅ መሪው ላይ ማሰር ነው። ይህን በቅዳሜው ቃሌም ተናግሬአለሁ፤ እውነት ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ አያስፈልገውም፤ ጀርባዬን ካርቶን ላይ አድርጌ ሥሩ ገባሁ። አጭሩን የፊት ቱቦ እስከ ሦስት ሰዓት ሠርቼ ገጠምኩት። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ግን አላስወጣሁም፤ ረጅሙ ቱቦ ሲገጠም የሁለቱንም አንድ ላይ አስወጣለሁ ብዬ ነው። በዚህ ሁኔታ ፍሬኑ ቢረገጥ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል እንጂ ምንም አይዝም።

ያስለቀሰኝ ረጅሙ ቱቦ ነው። አሮጌው ሲፈታ ስለተሰባበረ ቅርጹን በአጥር ሽቦ ቀዳሁት። በሻንሲው ላይ ሲሄድ አሥራ አንድ ቦታ ይታጠፋል። ብረቱን ቸኩለው ካጠፉት ይጨፈለቃል፤ ያለ ቦታው ያጠፉትን መልሰው ካቀኑት ይሰነጠቃል። ሁለቱን ጫፎች ደግሞ በመሣሪያ ከፍቶ እንደ ጽዋ አፍ ማስፋት ያስፈልጋል። አፉ ከመስፋቱ በፊት ማጥበቂያው ዳዶ ቱቦው ውስጥ መግባት አለበት፤ አፉ ከሰፋ በኋላ ዳዶ አይገባም፤ ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ይህን የማንኛውም ጋራዥ ጀማሪ ያውቃል። እኔ አርባ ዓመት ማጨጃና ትራክተር የጠገንኩ ሴት፣ የመጀመሪያውን ቱቦ አሥራ አንዱንም እጥፋት አሳምሬ አጥፌ፣ ሁለቱንም አፍ አስፍቼ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ መኪናው ዘንድ ወስጄ ልገጥም ስል አንዱ ጫፍ ዳዶ የለውም። ቆርጬ ዳዶ አስገብቼ እንደገና ሳሰፋው በሁለት ጣት አጠረ። ቆሽቴ አረረ።

አፍ ማስፋቱን የምሠራው ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ባለበት በቤቴ ጓሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ከክበቡ ሦስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ያን ቀን መንገዱን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ባዶ እጄን ስመለስ አልፍ ጀልባውን ወደ ባሕር ሊያስገባ ሲዘጋጅ አገኘሁት። ወደ ባሕር መግፋት ቁልቁል ስለሆነ ቀላል ነው፤ መኪና የሚያስፈልገው ለመመለሻው ነው። "ደግሞ ሌላ ማካሮኒ ልትሠሪ ነው?" አለኝ። "በአፍህ ዓሣ ቢያዝ ባሕሩ ባዶ ይቀር ነበር" አልኩት። እሱም ስቆ፣ "በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ይደርሳል?" ሲል ጠየቀኝ። እኔም አፌን ሞልቼ "እስከዚያ ሁለቴ ይደርሳል" አልኩት። ብሮንዊን የክበቡን ወጥ ቤት ለበዓሉ ስታጸዳ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ይህን ስትሰማ ስቃለች። ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ፤ መኪናው በስምንት ሰዓት ዝግጁ እንደሚሆን የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ እሷም ሰምታለች።

ሁለተኛው ቱቦ የተበላሸው በሞርሳው ጥርስ ነው። አጥብቄ ስይዘው ጥርሱ ብረቱን ነከሰው። የተነከሰ የፍሬን ቱቦ አይገጠምም፤ ከዚያ ቦታ አንድ ቀን ይፈነዳል። ቱቦው ጥርስ እንዳያገኘው በጨርቅ መጠቅለል ነበረበት፤ የመጋዘኔ ጨርቆች ግን በሙሉ ከቀናት በፊት ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተው በነፋስ በየአጥሩ ተበትነው ነበር። ከስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ አለፍ ሲል የሦስተኛውን ቱቦ ልክ ለመውሰድ መኪናው ዘንድ ሄድኩ። ልኩን ወስጄ ስነሳ ዓይኔ መሪው ላይ አረፈ። ወፍራም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቅርብ ነው። ለአምስት ደቂቃ ነው ብዬ ቀዩን ጨርቅ ፈታሁት። በእጄ ጠቅልዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ማንም አላየኝም። በቅዳሜው ቃሌ ያልተናገርኩት ይህን ነው።

በመጋዘኔ ሦስተኛውን ቱቦ በቀዩ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳው ውስጥ አሰርኩት። ዳዶውን ማስገባቴን አስታውሳለሁ፤ ማለትም አስታውሳለሁ ብዬ አምኜ ነበር። አፉን አሰፋሁት፤ እንደዚያ ያማረ አፍ ሠርቼ አላውቅም። መሣሪያውን ፈትቼ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአፉ ሥር ዳዶ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ። ምን እንዳልኩ ኮንስታብሏ አልጽፍም ብላለች። መዶሻውን በሩ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ቱቦውንም ጨርቁንም ሞርሳው ውስጥ እንደታሰሩ ትቼ ወጥ ቤቴ ገባሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ከትናንት የተረፈ የሥጋ ፓይ ነበረኝ፣ እሱን አሙቄ በላሁ። በአልፍ ተናድጄ፣ በብረቱ ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀመጥኩ። መኪናው ያለ ጨርቅ፣ ያለ ፍሬን፣ ቁልፉ እንደተንጠለጠለበት ባሕር ዳር ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነፋሱ ድንገት ወደ ደቡብ ዞረ። የቆርቆሮ ጣሪያዬ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ገደማ የመኪና ጥሩንባ ያለማቋረጥ ሲጮህ ሰማሁና ሮጥኩ።

የሚቀጥለው ከብሮንዊን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም። ብሮንዊን በወጥ ቤቱ መስኮት የአልፍን ጀልባ ማዕበሉ እያነሳ ሲጥለው አየች። አልፍ ከስምንት ሰዓት በፊት የተመለሰው ነፋሱ አባሮት ነው። ሮጣ ወደ ላንድ ክሩዘሩ ሄደች፤ መሪውን አየች፤ ጨርቅ የለም። እንጨቱን አነሳች፣ ተሳቢውን አያያዘች፣ አስነሳች። ከሲሚንቶው ወለል እስከ ጀልባ ማውጫው፣ ማለትም ወደ ውኃው እስከሚወርደው የሲሚንቶ ቁልቁለት ድረስ፣ ስድሳ እርምጃ የሚሆን ልቅ አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው ፍሬን አይነካም፤ እግርህን ከነዳጁ ካነሳህ አሸዋው ራሱ ያቆምሃል። ስለዚህ መኪናው ፍሬን እንደሌለው የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ፍሬኑን መጀመሪያ የረገጠችው የኋላ ማርሽ አስገብታ የማውጫውን ቁልቁለት መውረድ ከጀመረች በኋላ፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም ረገጠች። ፍሬኑ ወለሉን ነካ። መኪናው ተሳቢውን እየገፋ ወረደ። አልፍ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ የጀልባውን አፍንጫ ይዞ ነበር፤ ሁላችንም የምናደርገው እንደዚያ ነው። ብሮንዊን መሪውን በሙሉ ኃይሏ ጠመዘዘችው፤ ተሳቢው ወደ ጎን ዞረ። ባትጠመዝዘው ኖሮ ደረቱን ይመታው ነበር። ስለጠመዘዘችው ያገኘው ግራ ጭኑን ነው፤ ከማውጫው ምሰሶ ጋር አጣበቀው። መኪናው የኋላ ጎማዎቹ ከማውጫው ሲሚንቶ ጫፍ ወርደው አሸዋ ሲበሉ ቆመ፤ ብሮንዊን እርዳታ ለመጥራት ጥሩንባውን ያለማቋረጥ አስጮኸችና ወደ ውኃው ዘለለች። የአልፍን ነፍስ ያተረፈችው እሷ ናት። በዚህ ጉዳይ ይህን የጻፈ ሰው እስካሁን ስለሌለ እኔ አስጽፌዋለሁ።

እኔ ስደርስ ብሮንዊን ደረቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ አልፍን በብብቱ ይዛ ነበር። ሁለታችን ሆነን አወጣነው። አምቡላንሱ ከኪልፓራ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ብሮንዊን፣ "ጨርቅ አልነበረም፣ ግሌን። ጨርቅ አልነበረም" ትለኝ ነበር። እኔ ምንም አልመለስኩም። የአልፍን ራስ በጉልበቴ ይዤ ነበር፤ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው ማለት እፈልግ ነበር፣ ግን አይደለም።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮንስታብል ናንኪቬል በክበቡ ቤት ቃሌን ስትቀበል፣ ቀይ ጨርቁን ማሰሬን ነግሬያት፣ "ከመኪናው ተለይተው ሲሄዱ ጨርቁ መሪው ላይ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ" አልኩ። ታዲያ አሁን የት አለ ስትለኝ ባሕሩ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ በኔ እጅ በተሠራ መሣሪያ አንድም ሰው ጣቱ እንኳ ተቆርጦ አያውቅም። ይህን ስናገር እኮራ ነበር፤ ሁሌም እናገረዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል። ቅዳሜ ያን ጥያቄ ስሰማ ከአልፍ እግር ይልቅ ይህ ክብሬ ነው የታየኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኞ ዕለት መንደሩ ሁሉ ብሮንዊን ቀዩን ጨርቅ ንቃ ነዳች ይል ነበር። ሱቅ ውስጥ ዳቦ ስትገዛ ሰው ዝም ይላል። ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ አልፍን ጠየቅሁት። ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። "ብረት አይሻልም ብዬሽ ነበር፤ ይኸው እኔንም በብረት ጠገኑኝ" ብሎ ቀለደብኝ። ሐኪሙ ዳግመኛ ብቻውን ባሕር እንዳይወጣ ነግሮታል፤ ጀልባውን ሊሸጥ ነው። ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ "ያቺን ልጅ ምን ነካት? ሃያ ዓመት የማውቃት ልጅ፣ እንዴት ጨርቁን አይታ ትነዳለች?" አለኝ። ጣሪያውን እያየ ነበር የጠየቀኝ። እኔም ያመጣሁለትን ብርቱካን ስልጥ ቆየሁ።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብሮንዊን በሬን አንኳኳች። ኬክ ጋግራ ይዛ መጥታለች። ለምን እንደመጣች ስላልገባኝ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቆማ፣ "ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው" አለችኝ። "የምን ይቅርታ?" አልኳት። "በዚያ ቀን አልፍ እየጮኸ፣ ጨርቅ አልነበረም እያልኩ ጨቀጨቅሁሽ። ቀንም ሌትም አሰብኩት፣ ግሌን። ዓይኔ ላይ የለም፤ መሪውን አያለሁ፣ ባዶ ነው። ግን አንቺ ለፖሊሷ ነበር ብለሻል። አንቺ ነበር ካልሽ ነበር።" እኔም "ብሮንዊን" አልኳት። እሷ ቀጥላ፣ "አፍንጫዬ ሥር የታሰረ ቀይ ጨርቅ ካላየሁ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ አላይም ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የአውቶቡሱን ቁልፍ ለትምህርት ቤቱ መልሻለሁ። ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። አንጎሌም ላይ ዕጢ ሊሆን ይችላል ይላሉ፣ እንዲህ ሲያደርግ፤ ኢንተርኔት ላይ አንብቤዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ "ሳይቀዘቅዝ ብይው" ብላ ሄደች።

የሷ ቃል ከኔ ቃል ጋር ተጋጭቶ ነበር፤ ፖሊስ አንዳችንን ማመን ነበረበት። እሷ ከሁሉም ቀድማ እኔን አመነች፤ ከገዛ ዓይኗም አስበልጣ አመነችኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ከቅዳሜ ወዲህ ያልገባሁበት መጋዘን ገባሁ። ቱቦው እንደነበረ ሞርሳው ውስጥ ነበር፤ ቀዩ ጨርቅም። ሞርሳውን ላላ አድርጌ ጨርቁን ስፈታው አንድ ነገር ከእጥፋቱ ወጥቶ ቱቦው ላይ ተንሸራቶ ከአፉ ሥር ገጭ ብሎ ቆመ። ዳዶው ነው። ቅዳሜ ዕለት አስገብቼው ነበር። በጨርቁ ሥር ተሸፍኖ ስለነበር ነው ያላየሁት፤ ጨርቁን አንስቶ ማየት የሚባል ነገር በንዴቴ አልመጣልኝም። ሦስተኛው ቱቦ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ያን ጊዜ ወስጄ ገጥሜው፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ነፋሱ ከመዞሩ በፊት እጨርስ ነበር። ዓይን ሐኪም የሚያስፈልገው ለብሮንዊን አይደለም። መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህም ይጻፍ።

ጨርቁንና ቱቦውን ከነዳዶው ይዤ መጥቻለሁ። ጨርቁ ላይ የሞርሳው ጥርስ በሁለቱም በኩል ታትሟል፤ በፍሬን ዘይትም የጠቆረ ቦታ አለው። የባሕር ውኃ አልነካውም፤ ማንም ቢያሸተው ጨው የለውም። መጋዘኔን መፈተሽ የፈለገ መጥቶ ይፈትሽ፤ ሞርሳውን አላጸዳሁትም።

በአልፍ ራንድል ላይ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ጥገና ላይ ካለ መኪና ምልክቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ፖሊስ ሲጠይቀኝ የካድኩትም እኔ ነኝ። የሐሰት ቃል መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል እንደሆነ፣ ሊያስከስሰኝም እንደሚችል ኮንስታብሏ ይህን ቃል ከመጀመሬ በፊት አስረድታኛለች፤ ጠበቃ እፈልግ እንደሆነም ጠይቃኛለች። ጠበቃ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ሌላ ነው። የብሮንዊን ቀጠሮ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዚህ ጣቢያ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ካለው ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ከመግባቷ በፊት ዓይኗም አንጎሏም ጤነኛ መሆኑ ሊነገራት ይገባል። ኮንስታብሏ በስልክ እነግራታለሁ ብላኝ ነበር። እንድትተወው ለምኛታለሁ። እዚህ ስጨርስ ሄጄ የሐኪሙ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ፊት ለፊት የምነግራት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ወደ አልፍ እሄዳለሁ።

ከላይ የሰፈረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኮንስታብሏ ተነቦልኛል፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ራሴ ደግሜ አንብቤዋለሁ። በቅዳሜው ቃሌ "አዎ" የሚለው እንዲሰረዝና በቦታው "አልነበረም፤ የፈታሁት እኔ ነኝ" የሚለው እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ብሮንዊን ቴሽ ያየችው ትክክል ነበር። በዚህ ወረቀት ላይ ከፍርድ ቤት ፊት ቆሜ የማልደግመው አንድም ቃል እንደሌለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ግ. ፕራውት
ቃሉን የተቀበለችው ፖሊስ ፊርማ፦ ፔ. ናንኪቬል፣ ኮንስታብል
ቃሉ ያለቀበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ35

ከምስክሯ የተረከብኩት ማስረጃ፦ አንድ ቀይ ጨርቅ፣ የሞርሳ ጥርስ የታተመበት፤ አንድ ረጅም የብረት ፍሬን ቱቦ፣ አሥራ አንድ ቦታ የታጠፈ፣ ሁለቱም ጫፎቹ የሰፉ፣ ሁለቱም ዳዶዎች ያሉበት።